በገበታዋ ላይ መሬት የለም

ጋሪው የጎተራውን ሰፈር ቁልቁለት ሲወርድ ባለቁልፏ በግራ እጇ የጋሪውን ጠርዝ፣ በቀኟ የልጅ ልጇን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ ነበር። ቀስ በል ብላ ጋሪ ነጂውን ገና ከደጅ ሳይነሱ ነግራዋለች፤ የተቦረቦረው መታጠፊያ ላይ ደግማ ነግራዋለች፤ አሁን ደግሞ ልትነግረው አፏን ስትከፍት ሰውየው ዞር ሳይል ቀደማት።

«እማማ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ በቅሎዋ እንቅልፍ ይወስዳታል።»

ልጅቷ ሳቀች። ባለቁልፏ አልሳቀችም። መንገድ የሚያስቅ ነገር ሆኖ ታይቷት አያውቅም። በዚያ ላይ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ቁራሽ ዳቦ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የእሳት ማቀጣጠያ ድንጋይና ንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ መያዟን ጋሪ ነጂው አይቶ፣ ከተማውን ለቃችሁ ነው እንዴ የምትሄዱ ብሎ ቀልዶባታል። የሚሄዱት ኮረብታው ላይ እስካለው የልኬት መሥሪያ ቤት ድረስ ነበር። ከሰፈራቸው ይታያል።

ባለቁልፏ የሚሏት የአውራጃው የእህል ጎተራ ቁልፎች ባሏ ከሞተ ወዲህ ከወገቧ ተለይተው ስለማያውቁ ነው። ልጅቷን ደግሞ ሰፈርተኛው ሁሉ ላባ ይላታል። ስሙ የወጣላት በተወለደች በሳምንቷ ነው። አንድ መንገደኛ ኮከብ ቆጣሪ በሰፈሩ ሲያልፍ ተጠርቶ ገባ፤ የተወለደችበትን ቀን ጠየቀ፤ በከሰል ቁራጭ ጣውላ ላይ ክብ ሥሎ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ።

ነገሩን ያስረዳቸው እንዲህ አድርጎ ነበር። ሰው ሲወለድ ሰባቱ ተጓዥ ከዋክብት በአሥራ ሁለቱ የሰማይ ቤቶች ተበትነው ይገኛሉ። ከቤቶቹ ሦስቱ የእሳት፣ ሦስቱ የውሃ፣ ሦስቱ የነፋስ፣ ሦስቱ የመሬት ናቸው። ለአንዱ ሰው ከዋክብቱ ተራርቀው ያርፉና ከሁሉም ባሕርይ ይደርሰዋል። ለሌላው አንዱ ወገን ገበያ ይሆንና ሌላው ጋ ዝር የሚል አይኖርም። ይቺ ልጅ፣ አለ መንገደኛው፣ ነፋስ በነፋስ ናት፤ መሬት የሚባል የላትም። ይህንን ብሎ፣ የሰጡትን በልቶ፣ መንገዱን ቀጠለ። መሬት የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን አልነገራቸውም።

ያልነገራቸውን ባለቁልፏ ራሷ ሞላችው። መሬት ከሌላት ምን ይይዛታል? ሕፃኗን ከአልጋ አውርዳ ወለል ላይ አስተኛቻት። መሰላል ከለከለቻት፤ ሰገነት ከለከለቻት፤ ነፋስ ሲነሣ መስኮት ዘጋችባት። ልጅቷ መራመድ ስትጀምር ደግሞ ለሚዛን ከሚሠራው እርሳስ ትንንሽ ቁራጭ አስቆርጣ በቀሚሷ ጠርዝ ዙሪያውን አሰፋችባት። የሰፋችው የልጅቷ እናት ናት፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ በከንፈሯ መርፌ ይዛ ነው የምታወራው፤ ስለዚህ ስታጉረመርም ይሁን ስትስማማ አይለይም ነበር። ቀሚሱ በየዓመቱ ይቀየራል፤ እርሳሱ አይቀየርም። ላባ ስትመጣ የእርሳሱ ኳኳታ ገና ከመንገድ ማዶ ይሰማል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጅቷ ምን ሆነች? ወሬኛ ሆነች፤ ጠያቂ ሆነች። ጎተራው ውስጥ እየተከተለቻት ይህ ግድግዳ ለምን ዘመመ፣ ያ ጣሪያ ስንት ክንድ ነው፣ ጥላው ጠዋት ለምን ይረዝማል ስትላት ትውላለች። ባለቁልፏ ግማሹን አትሰማም፤ ግማሹን ስለማታውቅ ዝም በይና ብይ ትላታለች። ግን ልጅቷ አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ሲዘጋ ጎተራው መቃብር መስሎ ታይቷት፣ የማይጠፋ ቁልፍ ጠፋኝ እያለች ስትዞር ውላለች።

አሁን የሁለቱ አውራጃዎች ጦርነት ካበቃ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ጦርነቱ የተነሣው በወሰን ነበር፤ የላባ አባት፣ የባለቁልፏ አንድ ልጅ፣ የስንቅ ጋሪ ይዞ ከጦሩ ጋር ወጥቶ ንዳድ ይዞት በመንገድ ቀርቷል። ወሰኑ ዳግም ደም እንዳያፋስስ አገሩ ከዳር እስከ ዳር ይለካ ተብሎ ታዘዘ። ለዚህ ሥራ ሰው ሲመረጥ ላባ ሳትጠራ ሄዳ ተፈተነች። ሌሎቹ ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ሲነክሩ እሷ የማዕዘኑን ድምር በቃሏ ተናገረች አሉ። ቡድኑ የሚነሣው ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው። የቀራት ነገር ቢኖር የየሰውን የልደት ገበታ የሚመረምሩት የሰማይ ጸሐፊ ማኅተም ብቻ ነበር።

ባለቁልፏ ደግሞ ልቧ ያረፈው በዚህ ማኅተም ላይ ነው። እሷ እንቢ አላለችም፤ እንቢ ማለትም አላስፈለጋት። ከዚህ በፊት የወጣው የመጀመሪያው ቡድን ተጣልቶ በየበረሃው ስለተበተነና፣ ሲመረመርም ሰዎቹ ሁሉ እሳት ብቻ ሆነው ስለተገኙ፣ ከአራቱ ባሕርያት አንዱ የጎደለበት ሰው ለልኬት እንዳይወጣ ሕግ ተደንግጓል። ሕጉ ራሱ ልጅቷን ወደ ቤቷ ይመልስላታል።

«ቢከለክሉኝስ እማማ?» አለቻት ላባ ኮረብታውን ሲጀምሩ።

«ምን ይደረጋል የኔ ዓለም፤ የላይ ትእዛዝ ነው» አለች ባለቁልፏ፣ ድምፅዋን በተቻላት መጠን አሳዝና።

የመሥሪያ ቤቱ ግቢ በበቅሎ፣ በድንኳን ሸራ፣ በሦስት እግር የብረት መቆሚያና ጭድ በተጎዘጎዘባቸው የመሣሪያ ሣጥኖች ተጨናንቋል። የልኬት አለቃው አንድ ሣጥን ላይ ቆሞ ያዝዛል። የባለቁልፏ ልጅ በሕይወት ቢኖር የእሱ እኩያ በሆነ፤ ጫማው ላይ ያለው አቧራ ከስንት አገር እንደተሰበሰበ አይታወቅም። ላባን ሲያይ ከሣጥኑ ወረደ። ፈጥነው ወደ ጸሐፊው እንዲገቡ፣ እሱም አብሯቸው እንደሚገባ፣ በከዋክብት ያምን እንደሆነ ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ፣ ነገር ግን ያለ ማኅተም አንድ ሰው ቢወስድ ሹመቱን እንደሚገፈፍ በአንድ ትንፋሽ ነገራቸው። ባለቁልፏ «ክቡር አለቃ» ብላ እጅ ነሣች። ለሹመቱ የሚፈራ ሰው መሆኑ ደስ አሰኛት።

የሰማይ ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። አለቃው ቶሎ ቶሎ ሲላቸው የሞቀ ውሃቸውን ፉት ብለው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ በሉ ያሉት። ጠረጴዛቸው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚዞር ሁለት ቀለበት ያለው የነሐስ ገበታ አለ። ከአንዲት ከረጢት ሰባት ጠጠር አወጡ፤ ለየኮከቡ አንድ አንድ። ላባ የተወለደችበትን ቀን ነገረቻቸው። አንድ ወፍራም መዝገብ ገልጠው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ጠጠሮቹን በውጭኛው ቀለበት ላይ ያስቀምጡ ጀመር።

ፀሐይ የነፋስ ቤት ገባች። ጨረቃም ነፋስ ገባች። ጥቁሩና ከባዱ ጠጠር፣ ዙሐል፣ እሱም ነፋስ። ባለቁልፏ አንገቷን አስግጋ ትቆጥራለች። በመጨረሻ አምስቱ በነፋስ፣ አንዱ በእሳት፣ አንዱ በውሃ ሆኑ። የመሬት ቤቶች ነሐሳቸው ብቻ ያበራል።

ጸሐፊው ልጅቷን ቀና ብለው አዩና ወጥ ታሳርሪያለሽ ወይ አሏት። ታሳርራለች። ዕቃ የት እንዳስቀመጠች ትረሳለች? ትረሳለች። የጎተራው ቁልፍ ተሰጥቷት ያውቃል? እዚህ ላይ ባለቁልፏ ጣልቃ ገብታ፣ ቁልፍማ እንኳን ሊሰጣት አስነክታትም እንደማታውቅ ተናገረች።

«ሲርብሽስ ታውቂያለሽ?» አሉ ጸሐፊው።

ላባ ትንሽ አሰበች። «እማማ ትነግረኛለች።»

አለቃው ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጸሐፊው አልሳቁም፤ ይልቅ ከልጅቷ ወደ አያቷ፣ ከአያቷ ወደ ልጅቷ እያዩ ቆዩ። ከዚያ መሬት ለልኬት ሥራ እንጀራው መሆኑን፣ እሱ ሳይኖር ማኅተም እንደማይመታ፣ ነገር ግን ሕጉ አንድ በር መተዉን ተናገሩ። የጎደለው ባሕርይ በብዛት ያለው የሥጋ ዘመድ ቀርቦ ዋስ ቢሆንለት ይፈቀዳል። ይህ ሰው ማሟያ ይባላል።

«እርስዎ እሜቴ፣ መቼ ነው የተወለዱት?»

ባለቁልፏ ይህን አልጠበቀችም። ቀኗን ከእናቷ አፍ እንደሰማችው ነገረቻቸው። ላባ ተነሥታ ከጸሐፊው ትከሻ ኋላ ቆመች፤ ጠጠሮቹ ሲቀመጡ ለማየት። አምስቱ መሬት ላይ ተከመሩ፤ ሁለቱ ውሃ ውስጥ ገቡ። አለቃው ጭኑን መታ።

«ይኸው! ከበቂ በላይ አለ።»

«ከበቂ በላይ መሆኑ ነው ችግሩ» አሉ ጸሐፊው።

አለቃው የበዛ ነገር እንዴት ችግር እንደሚሆን አልገባውም፤ ለባለቁልፏም አልገባትም፤ በዕድሜዋ ጎተራ ሞላ ተብሎ ያዘነ ሰው አይታ አታውቅም። ጸሐፊው ግን ወደ እሷ ዞረው እንደ ሐኪም ይጠይቋት ጀመር። ልጅቱ ስታለቅስ ምን ያደርጋሉ? አበላታለሁ አለች። ስትታመምስ? እንዲሁ። ደስ ሲላትስ? ባለቁልፏ ልትመልስ አፏን ከፍታ መልሱ ያው መሆኑን ስታውቅ ዘጋችው። ላባ ከኋላ ሆና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች፤ በሳቋ መካከል የቀሚሷ ጠርዝ ወንበሩን እየመታ ይንኳኳል።

ምን እንደሆነ ጸሐፊው ጠየቁ። እርሳስ እንደሆነ ተነገራቸው። ለምን እንደሆነም ተነገራቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይዩ እሜቴ፣ ባሕርይ ሲበዛ ባለቤቱ አያየውም፤ አየር እንደምንተነፍሰው ነው። ከመብዛቱ የተነሣ ሁሉንም በእሱ ያክማል። እርስዎ ፍርሃትን በመሬት ነው የሚያክሙት፤ ኀዘንንም፤ ፍቅርንም። መልካም መሬት ነዎት፤ ይህን ሁሉ ዓመት ጎተራው የቆመው በእርስዎ ነው። ግን ይህን ሁሉ በአንዲት ልጅ ላይ ልጨምር ብል ልጅቷ አትሟላም፤ ትቀበራለች። ማሟያ ብዬ ልፈርም አልችልም።»

አለቃው ተነፈሰ። ነገሩ አለቀ። ባለቁልፏ ያሸነፈችበትን ደስታ በደረቷ ስትፈልግ አጣችው። በእሱ ፈንታ ያገኘችው ንዴት ነበር። ማን ነው እሷን ልጅ ትቀብራለች የሚላት? ይቺን ልጅ በእጇ ተቀብላ፣ አዝላ፣ ገላዋን አጥባ ያሳደጋት ማን ሆነና?

«ስለ መብዛቱ ነገሩኝ ጌታው። የጎደለኝ የለም?» አለች፤ ጎደሎ የለብኝም ለማለት ያህል።

ጸሐፊው በገበታው ላይ ባዶውን ቦታ አሳዩአት። አንዱ እሳት ነው፤ እሱ ብዙም አላሳሰባቸው። ሌላው ነፋስ ነው። ሰው የጎደለው ነገር ባዶ ቦታ ሆኖ ዝም እንደማይል ነገሯት። ወይ ይፈራዋል፣ ወይ ዕድሜ ልኩን ይፈልገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ባንድነት። ሌላ ሰው ላይ ሲያገኘው ደግሞ ያ ሰው ከዓይኑ እንዲርቅ አይወድም፤ ቤቱ የሚሞቀው እሱ ሲኖር ነውና። ይህን የሚሉት ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ባለቁልፏ የሚያዩትን ተከትላ ብታይ የራሷን ቀኝ እጅ አየች። ላባ ከትከሻቸው ኋላ ተመልሳ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ እጇም እጅጌዋን መልሶ ይዞታል። መቼ እንደያዘው አላወቀችም።

«ነፋስዎ ይቺ ናት» አሉ ጸሐፊው በዝግታ። «አይፈረድብዎትም።»

ባለቁልፏን የጆሮዋ ነገር ገረማት፤ ክፍሉ ጭር ብሏል። ላባ ዝም ብላለች። ሥራ ፈት ዝምታ አልነበረም፤ ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ በመስኮቱ በቅሎዎቹ ሲጫኑ ታያለች፤ ስለ በቅሎዎቹም አንድ ቃል አትጠይቅም። በሌላ ቀን ቢሆን ጭነቱ በየትኛው ጎን እንደሚከብድ ነግራቸው ነበር።

አለቃው ወደ በሩ ሲሄድ ጸሐፊው እጃቸውን አነሡ። አንድ ነገር ቀርቷል። በገበታው ውስጥ ያለውን ሁለተኛውን ቀለበት እስካሁን አልነኩትም። ውጭኛው ቀለበት ሰው ከምን እንደተሠራ ይናገራል አሉ፤ ውስጠኛው ግን የተሠራበትን ነገር በየትኛው የኑሮ ክፍል እንደሚያውለው ነው የሚናገረው፤ በቤተሰብ ይሁን፣ በንብረት፣ በሥራ፣ በወዳጅ። አንድ ባሕርይ የለም ተብሎ ሳይፈረድ በዚህኛው በር ገብቶ እንደሆነ ማየት ይገባል። ብዙ ኮከብ ቆጣሪ ይህንን አያይም፤ ምክንያቱም ቀለበቱን ለማዞር የልደቱ ሰዓት ያስፈልጋል።

«መንገደኛው ሰዓቷን ጠይቆ ነበር?»

አልጠየቀም።

«የሚያውቅ ሰው አለ?»

ላባ በቀስታ፣ እናቷን ብዙ ጊዜ እንደጠየቀቻት፣ እናቷ ግን ምጡን እንጂ ሰዓቱን እንደማታስታውስ ነገረቻቸው። ከዚያ ሁሉም ወደ ባለቁልፏ ዞሩ። ሕፃኗን የተቀበለችው እሷ ናት።

ባለቁልፏ ታውቃለች። እንደ ዛሬ ነው የምታውቀው። ማወቋን ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። አላስታውስም ማለት አንዲት ቃል ናት፤ ካረጀ ሰው አፍ ብትወጣ ማንም አይደነቅም። ይህችን ቃል ብትል ዛሬ ማታ ልጅቷ ወለሉ ላይ በመኝታዋ ናት፤ ነገም ናት። ባትል መንገድ አለ። በመንገድ ላይ ንዳድ አለ፤ ገደል አለ፤ ሙላት ያለው ወንዝ አለ፤ ሲርባት የሚነግራት ሰው የለም። አንድ ልጅ በዚህ መንገድ ሸኝታለች። ሁለተኛ የምትሸኝበት ጉልበት ከየት ይመጣል? ምላሷ ቃሏን አዘጋጀ።

ላባ የአያቷን ፊት አየች፤ ያየችውንም በራሷ መንገድ ተረጎመችው። ጠጋ ብላ እጇን በሁለት እጇ ያዘች።

«ተይው እማማ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስንት ነገር አልፏል፤ ባታስታውሽ ማን ይፈርድብሻል? እኔም አልቀየምሽም። ደግሞ ጎተራው ሰው ያስፈልገዋል።»

ባለቁልፏ ልጅቷን አየቻት። አገር ልለካ ብላ የተነሣች ልጅ፣ አያቴ እንዳታፍር ብላ በሩን በገዛ እጇ ልትዘጋው ነው።

«አስታውሳለሁ» አለች።

ድምፅዋ ለራሷም ጎልቶ ተሰማት። ጀምራዋለችና አልመለስ አለ። ፀሐይ ጠልቃለች፤ ብርሃኑ ግን ገና ግድግዳው ላይ ነበር። ጎተራውን ልትቆልፍ ትልቁን ቁልፍ ከትታ ልታዞረው ስትል የምራቷን ጩኸት ሰማች። ሮጠች። ስትደርስ ሕፃኗ እየወጣች ነው፤ እንኳን ሌላ ነገር መብራት ለማብራትም ጊዜ አልነበረም። ያለቀሰችው ገና ወጥታ ሳታበቃ ነው ማለት ይቻላል፤ ያኔም ወሬኛ ነበረች። ያን ማታ እንደ ታቀፈቻት ነጋ። ጠዋት ሰዎች መጥተው ቁልፎቹ በሩ ላይ ተንጠልጥለው፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ የአውራጃው እህል ሁሉ ለመንገደኛ ክፍት ሆኖ ማደሩን ነገሯት።

«ቁልፍ በር ላይ ትቼ ያደርኩት ያን ቀን ብቻ ነው» አለች። «ማንም አልነካውም። አንዲት ድመት ገብታ አይጥ ስታሳድድ አድራለች።»

ላባ ይህን ሰምታ አታውቅም። የአያቷን እጅ አጥብቃ ያዘች።

ጸሐፊው ውስጠኛውን ቀለበት በሁለት ጣት ይዘው አዞሩት። ነሐሱ በነሐስ ላይ ሲሄድ ይሰማል። ቆመ። ጎንበስ ብለው ቆዩና መዝገቡን ዳግመኛ ገለጡ፤ መልሰው አዩ።

ጠጠሮቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም፤ ነፋስ ያው ነፋስ ነው። ነገር ግን ፀሐይና አንዷ ባልደረባዋ የዕለት ሥራና የእጅ ሙያ ክፍል ውስጥ ገብተው ተገኙ። ጨረቃና ሌላው ኮከብ የርስትና የንብረት ክፍል ውስጥ ናቸው። ከባዱ ዙሐል ደግሞ የሹመትና የታላቅ ሥራ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ሦስቱም፣ አሉ ጸሐፊው፣ የመሬት ክፍሎች ናቸው፤ በዚያ ማታ በምሥራቅ ይወጣ የነበረውም ቤት የመሬት ነው።

«መሬት በተሠራችበት ጭቃ ውስጥ የለም። በእጇ በምትሠራው ሁሉ ውስጥ ግን አለ። ይቺ ልጅ የጎደላትን ልትፈልግ ነው የምትሄደው፤ በቀንም የምትውልበት እሱ ነው።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ አለቃው ቀሰሩ። «አትሳሳት ግን። ለአያቷ መሬት ሳታስበው ይመጣላታል፤ ለእሷ እየሠራችው ካልሆነ አይመጣም። መብላት ትረሳለች፤ መተኛት ትረሳለች። አደራ ነው።»

ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ባለቁልፏ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከፈት ስታደርገው ላባ አንገቷ ላይ ተጠምጥማባት፣ ያቋረጠችውን ወሬ ሁሉ ባንድ ጊዜ ትለቀዋለች፤ ስለ በቅሎዎቹ፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ ዙሐል።

ከዚያ በኋላ ባለቁልፏ አለቃውን አልለቀቀችውም። ግቢውን ሲያቋርጥ ከጎኑ ሆና፣ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ነገር ካልቀመሰች እንደሚያዞራት፣ እግሯ ከራሰ ወዲያው እንደሚያስላት፣ ሲመሽ ቁጭ ብላ ማንበብ እንደምትወድና መብራቱን ማጥፋት የግድ የሌላ ሰው ሥራ መሆኑን አስረዳችው። አለቃው በየመካከሉ እሺ እማማ፣ እሺ እማማ ይላል። እሺታው ቶሎ ቶሎ የመጣባት ሲመስላት ካንደኛው እንደገና ጀመረች። ይዛ የመጣችውን ቋጠሮ ሳይፈታ እንዳለ በቅሎ ላይ አስጫነችው። ሁለቱን ብርድ ልብስ ያየ አንድ ሽማግሌ ጫኝ ይህ ለስንት ሰው ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ለአንድ፣ አንዱ ሲርስ ለመቀየሪያ አለችው።

ልኬቱ የሚጀምረው ከግቢው በር ላይ ካለው ድንጋይ ነው። በድንጋዩ ራስ ላይ መስቀለኛ ምልክት ተጠርቧል፤ የአገሩ ርቀት ሁሉ ከዚያ ይቆጠራል ተብሏል። በቡድኑ ደንብ አዲስ የገባ ሰው የመጀመሪያውን የብረት መለኪያ ሰንሰለት የፊት ጫፍ ይዞ ይጎትታል፤ ጅራቱን ደግሞ አንድ ልምድ ያለው ሰው ድንጋዩ ላይ ይይዛል። ልምድ ያለው ሰው ግን በዚያች ሰዓት ማሰሪያዋን በጥሳ ቁልቁል የሸሸች በቅሎ እያሳደደ ነው። አለቃው ግራ ቀኝ አየ። ሌላው ሁሉ ጭነት ይዟል።

«እማማ፣ ይችን የሰንሰለቱን ጫፍ ቀለበት ምልክቱ ላይ ይያዙልን» አላት።

ባለቁልፏ እንዴት እንደሚያዝ ጠየቀች። ቀለበቱ ከምልክቱ አንዲት ጣት እንኳ ፈቀቅ ካለ ልኬቱ ከመነሻው ይበላሻል፤ ስለዚህ ልጅቷ ጫፍ ደርሳ ሰንሰለቱን ወጥራ ችካሏን እስክትተክል ድረስ መንቀሳቀስ የለበትም አላት። ከዚያስ? ከዚያ ትጠራዎታለች፤ ያኔ ይለቁታል፤ ካልለቀቁት ግን ሰንሰለቱ አይሄድም፤ ከሰንሰለቱም በኋላ ያለው ሰው ሁሉ አይሄድም።

ተንበረከከች። ቀለበቱን በሁለት እጇ ድንጋዩ ላይ ተጫነችው። ላባ ሰንሰለቱን ይዛ በመንገዱ ሄደች፤ መጋጠሚያዎቹ እየተፈቱ በአቧራው ላይ አንድ በአንድ ተከተሏት። ስትሄድ ከጎኗ ላለው ሰው አንድ ነገር ታስረዳለች፤ ነጻ እጇ ይወራጫል፤ ድምፅዋ እየራቀ እየቀጠነ ይመጣል። ባለቁልፏ ቃሉን መለየት አቃታት፤ ድምፁን ግን ሰማችው። ከዚያ ሰንሰለቱ ተወጠረ። ቀለበቱ በመዳፏ ውስጥ ጎተተ፤ የልጅቷ ጉልበት ከዚያ ጫፍ እስከዚህ ጫፍ በብረቱ ውስጥ አልፎ ክንዷ ድረስ ደረሳት። ባለቁልፏ በክብደቷ ሁሉ ያዘች።

አለቃው ጎንበስ ብሎ ምልክቱን አየ። እንዲህ ድርቅ ብሎ የተያዘ መነሻ አይቶ እንደማያውቅ ነገራት።

እሷ አልሰማችውም። መንገዱ ጫፍ ላይ ላባ ተንበርክካ ችካሏን እየተከለች ነው። አንዴ መታችው፤ ደገመችው። በዓይኗ መሥመሩን አየች፤ አልወደደችውም መሰለኝ፣ ነቅላ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ እንደገና ተከለችው። ብድግ አለች። እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ልቀቂ፣ እማማ!»

በአቧራውና በርቀቱ መካከል ፊቷ አይታይም፤ የተዘረጋው እጅ ብቻ ይታያል። ከኋላ በቅሎዎቹ ኮቴያቸውን ያነሣሉ ይጥላሉ።

ባለቁልፏ መጀመሪያ የግራ እጇን አነሣች። ቀኟ ቀለበቱ ላይ ቆየ፤ ጣቶቿ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ቀለበቱ ከድንጋዩ ላይ ወርዶ፣ ጠጠሩን እያንቀጫቀጨ፣ አቧራው ውስጥ ቀጭን መሥመር እየጣለ ልጅቷን ተከትሎ ሄደ።